«ያስተኙታል ወይ?»

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ከሁለት አንባቢዎች የደረሰኝ ጥያቄ ነው። አንደኛዋ አያት ናቸው። የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ኦቾሎኒ ሲበላ ትን ብሎት፣ ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቅ ስላለው ሐኪሞቹ «የአየር ቧንቧው በመሣሪያ ይታይ» ብለዋል። ሁለተኛው ጎልማሳ ልጅ ነው። አባቱ ለወራት ሲያስላቸው ቆይቶ በራጅ ሳንባቸው ላይ ጥላ ታየ፤ የአክታ ምርመራው ምንም ስላላሳየ ብሮንኮስኮፒ ታዘዘላቸው። ሁለቱም የጠየቁኝ ስለ በሽታው አይደለም። «ሲስተር፣ ያስተኙታል ወይ? ከተኛስ ይነቃል ወይ?» ነው ያሉኝ።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከምርመራው ይልቅ ማደንዘዣውን የሚፈራ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ። በር ተዘግቶ፣ የወለዱት ልጅ ወይም የወለዳችሁ አባት እዚያ ውስጥ ተኝቶ፣ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ መጠበቅ ቀላል አይደለም። እኔም አደጋ የለውም ብዬ አልሸነግላችሁም። ነገር ግን የዚህን እንቅልፍ ደህንነት የሚወስነው የባለሙያው እጅ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ከቤት ይዞት የሚመጣው ነገርም ትልቅ ድርሻ አለው። ያም ባዶ ሆድና እውነተኛ ቃል ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር

ብሮንኮስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ አስገብቶ፣ በማንቁርት አሳልፎ፣ የአየር ቧንቧንና የሳንባን ቱቦዎች ማየት ነው። ብዙ ሰው ከጨጓራው ኢንዶስኮፒ ጋር ያምታታዋል። የጨጓራው በምግብ መንገድ ይሄዳል፤ ይሄኛው የሚሄደው በትንፋሽ መንገድ ነው። የማደንዘዣውም ነገር የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አነጋገር «ማደንዘዣ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋውም ማደንዘዣ ነው፤ ሆድ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የሚሰጠውም ማደንዘዣ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ትንሽ እናደነዝዝዎታለን» ሲል ታካሚው የሚሰማው «ሞተው ይነሣሉ» እንደተባለ ሆኖ ነው። እስቲ እንለያያቸው።

የመጀመሪያው ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ ነው። ሊዶኬይን የሚባለው መድኃኒት በአፍንጫ እንደ ቅባት፣ በጉሮሮ ደግሞ እንደ ፍሊት ይነፋል። ይመራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጉሮሮ ያበጠ፣ ምራቅ የማይዋጥ ይመስላል። አብዛኛው ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጉሮሮው ግን አላበጠም፤ ስሜቱ ብቻ ነው የጠፋው፤ ትንፋሽ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ይወጣል። ይህ መድኃኒትም ልክ አለው። ከልክ ካለፈ የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጭው ማለት፣ ሲብስም ማንቀጥቀጥ ያመጣል። ባለሙያው የታካሚውን ኪሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነውና «ወደ ስድሳ ምናምን» ከማለት ሚዛን ላይ መውጣት ይሻላል።

ሁለተኛው ማረጋጊያ ነው። እንደ ሚዳዞላምና ፈንታኒል ያሉ መድኃኒቶች በደም ሥር በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣሉ። ታካሚው ያንቀላፋል እንጂ ከዓለም አይጠፋም። ስሙ ሲጠራ ዓይኑን ይገልጣል፣ «እጅዎን ያንሱ» ሲሉት ያነሣል፣ የሚተነፍሰውም ራሱ ነው። ለአዋቂዎች በተጣጣፊው ቱቦ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያውና ይህ ሁለተኛው አንድ ላይ ነው። ታካሚው ሊያስለው ይችላል፤ ሳሉ ማደንዘዣው አልሠራም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ሙሉ ሰመመን ነው። ታካሚው ፈጽሞ አይሰማም፣ አያውቅም፤ ትንፋሹን የሚጠብቅለት የአንስቴዥያ ባለሙያ ነው። ይህ ግድ የሚሆነው ቀጥ ያለው የብረት ቱቦ በአፍ ሲገባ፣ በተለይም ከሕፃን ሳንባ ባዕድ ነገር ሲወጣ ነው። አንዳንድ ረዘም ያሉ የአዋቂዎች ምርመራዎችም በዚህ ይሠራሉ።

እንግዲህ ጎልማሳው ልጅ ለጠየቀኝ መልሱ «አባትዎ ያንቀላፋሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አይተኙም» ነው። ለአያቲቱ ደግሞ «አዎ፣ ሕፃኑ ይተኛል፤ መተኛቱም ለእሱ ይሻለዋል» ነው።

በአንድ በር ሁለት ሰው

በሌላ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙ ሆድ ላይ ወይም እግር ላይ ይሠራል፤ የአንስቴዥያ ባለሙያው ደግሞ ራስጌ ቆሞ የትንፋሹን መንገድ ለብቻው ይይዛል። በብሮንኮስኮፒ ግን ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ጠባብ በር ነው። አንዱ ካሜራ ያስገባበታል፣ ሌላው ኦክስጅን ያሳልፍበታል። የሕፃን የአየር ቧንቧ ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ባለሙያዎች ከመጀመራቸው በፊት ተነጋግረው፣ ማን መቼ ምን እንደሚያደርግ ተስማምተው ነው የሚገቡት።

ሙያው ረጅም መንገድ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ጉስታቭ ኪሊያን የተባለ ሐኪም ከአንድ ገበሬ የሳንባ ቱቦ ውስጥ የአሳማ አጥንት ስባሪ በቀጥታ ቱቦ አወጣ። ጉሮሮውን ያደነዘዘው በኮኬይን ነበር፤ በዚያ ዘመን ለጉሮሮ የነበረው ማደንዘዣ እሱ ነው። በ1960ዎቹ ጃፓናዊው ሐኪም ሺገቶ ኢኬዳ የሚተጣጠፈውን ቱቦ አመጡ። ከእርሳስ ቀጠን ያለ፣ ከትንፋሽ መንገዱ ጋር አብሮ የሚታጠፍ በመሆኑ አዋቂ ሰው ሙሉ ለሙሉ ሳይተኛ መመርመር ቀለለ። በአገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ስፔሻሊስቶች በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀምረዋል። በእኔ የወጣትነት ዘመን ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

ቤተሰብ አንድ ጥያቄ በትሕትና ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። «ሐኪሙ ዓይናቸው ካሜራው ላይ ሲሆን የአባቴን ትንፋሽ የሚጠብቀው ማን ነው?» በሉ። ምርመራውን ከሚሠራው ሰው ሌላ፣ ሥራው ታካሚውን መጠበቅ ብቻ የሆነ አንድ ባለሙያ መኖር አለበት። እሱ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የደረቱን መነሣት ይከታተላል። ማረጋጊያው ከበዛም ማርከሻ አለው፤ ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል፣ ለፈንታኒል ናሎክሶን ይሰጣል። ያ ባለሙያ ዶክተር ባይሆን አትደንግጡ። በአገራችን አብዛኛውን የሰመመን ሥራ የሚሠሩት ለዚሁ ሙያ የተማሩ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው።

በዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የኦክስጅን ለጊዜው መውረድ ነው። ኦክስጅን በመጨመር፣ ታካሚውን «በደንብ ይተንፍሱ» በማለት፣ ሲያስፈልግም ቱቦውን አውጥቶ በማረፍ ይስተካከላል። በሕፃናት ላይ ማንቁርት በድንገት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያው ለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የሚገባው። ናሙና ሲወሰድ ጥቂት መድማት ይኖራል፤ አልፎ አልፎም ከሳንባ አየር ሾልኮ ደረት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ከባድ ጉዳት የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ እነዚያ ጥቂቶች እንዲያንሱ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ሕፃኑን ትን ሲለው

ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የኋላ ጥርሳቸው ገና ስለሆነ ጥሬ በደንብ አይፈጩም፤ እየሮጡ፣ እየሳቁ፣ እያለቀሱ ይበላሉ። ኦቾሎኒ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ሱፍ፣ የባቄላ አሹቅ፣ የብርቱካን ፍሬ፣ ይሄ ሁሉ በሳንባ ቱቦ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ትልልቆቹ ልጃገረዶች ደግሞ ሻሽ ሲያስሩ ስፒል በአፋቸው ይይዛሉ፤ ሲስቁ ይገባል። አሜሪካዊው ሐኪም ቼቫሊየር ጃክሰን ከሰዎች የምግብና የአየር መንገድ ያወጧቸው ከሁለት ሺህ በላይ ነገሮች ዛሬም ፊላደልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም በመሳቢያ ተደርድረው ይታያሉ። ቁልፍ፣ መርፌ፣ ሳንቲም፣ አጥንት፣ በየቤታችን ወለል ላይ የሚወድቀው ሁሉ አለ።

ልጁ ትን ሲለው በኃይል የሚያስል ከሆነ ይሳል፤ ከሳል የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ድምፁ ከጠፋ፣ ፊቱ ከጠቆረ ወይም መተንፈስ ካቃተው ከአንድ ዓመት በታች ያለውን በክንዳችሁ ላይ ፊቱን ወደ ታች፣ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱ መካከል አምስት ጊዜ ተጫኑ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ጀርባውን አምስት ጊዜ መትታችሁ፣ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ግፉት። እስኪወጣ ወይም ልጁ እስኪደክም ድረስ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፤ ራሱን ከሳተ አስተኝታችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ እርዳታም ጥሩ። ያላያችሁትን ነገር በጣት አትፈልጉ። «ይገፋዋል» ብላችሁ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ውሃ ወይም ቅቤ አትስጡ። የገባው በትንፋሽ መንገድ እንጂ በምግብ መንገድ አይደለም፤ የምታጎርሱት ሆድ ሞልቶ በኋላ ማደንዘዣውን ያከብደዋል እንጂ አይረዳውም።

ትንታው ካለፈ በኋላ ልጁ ዝም ይላል፣ ይጫወታል። ቤተሰቡም «ዋጠው» ይላል። ከዚያ ሳሉ ይጀምራል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል። ጥሬ በራጅ ላይ አይታይምና ራጁ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከራጁ ይልቅ «ትን ብሎት ነበር» የምትለው ቃል ትበልጣለች። ለወር ያህል በአስምና በሳንባ ምች መድኃኒት ሲታከም ቆይቶ ወደምሠራበት ክፍል የመጣ የሁለት ዓመት ሕፃን አስታውሳለሁ። እናትየው ምንም አላየችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ትንታውን ያየችው ቤት የምትውለው ሠራተኛ ነበረች፤ እንዳትባረር ፈርታ ዝም ብላ ነበር። በመጨረሻ እያለቀሰች የተናገረችው ቃል ልጁን አዳነው። የሽምብራ ቆሎ ክፋይ በሙሉ ሰመመን ወጣለት።

እባካችሁ፣ ልጅ ከምትጠብቀው ሠራተኛ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «የሆነ ነገር ከሆነ ንገሪኝ፤ በመናገርሽ አልቆጣሽም» በሏት። ይህን ስትሉም የምራችሁን ይሁን።

ጾም እና ጾም

ማደንዘዣ ሲሰጥ የማንቁርት ጥበቃ ይደክማል። ነቅተን ሳለን ምግብ ወደ ላይ ቢመጣ እንሳላለን ወይም እንውጠዋለን። የተኛ ሰው ይህን አያደርግም፤ ከጨጓራ የወጣው ምግብና አሲድ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ባዶ ሆድ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ግን «ጾመው ይምጡ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ስህተት ያመጣል። አንዳንዱ ሥጋና ወተት ብቻ የተከለከለ መስሎት ሽሮ በልቶ ይመጣል። አንዳንዱ «ምግብ እንጂ አጥሚት አልተከለከለም» ይላል። አጥሚትም፣ አብሽም፣ ተልባም፣ ሾርባም፣ ወተት ያለበት ሻይም ምግብ ናቸው። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ሕፃኑን ጨምሮ ደርቆ ይመጣል። ይህም አያስፈልግም።

ብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ይህ ነው። ቀላል ምግብ፣ የላም ወይም የዱቄት ወተት ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ቅባት የበዛበት ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት። የእናት ጡት ከ4 ሰዓት በፊት፤ ንጹሕ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው ቀላል ምግብ እስከ ሌሊቱ 9፣ ጡት እስከ ንጋቱ 11፣ ውሃ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው ማለት ነው። ሆስፒታላችሁ ሌላ ሰዓት ከሰጣችሁ ግን የእነሱን ያዙ። ወረፋው ከዘገየም «ሕፃኑ ውሃ ይጠጣ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትወስኑ።

ስለ ጸበል ልናገር። በምርመራው ጠዋት ጸበል ጠጥቶ መምጣት የብዙዎች ልማድ ነው፤ እኔ ሃይማኖትን የምነካ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ጸበልም ሆድ ውስጥ ሲገባ ውሃ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ጠጡ፣ በኋላ ከሆነ ተረጩ፣ የጠጣችሁበትን ሰዓትም ለነርሷ ንገሩ። በረመዳን ወቅት ቀጠሮ ያላችሁም እንዲሁ ሱሁር የበላችሁበትን ሰዓት ንገሩ።

አንድ ጠዋት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ሕፃን ነበረን። አያትየው ንጋት ላይ ሲያለቅስ አንጀታቸው አልችል ብሎ ዳቦ በሻይ ሰጥተውታል። የአንስቴዥያ ባለሙያው «ምን ቀምሷል?» ሲል እናትየው ቶሎ ብላ «ምንም» አለች። ወደ አማቷም ዞር ብላ «እማማ፣ ዝም ይበሉ፣ ይመልሱናል» ስትል ሰማኋት። አያትየው ግን «የለም ልጄ፣ በዚህስ አልዋሽም። ዳቦ በሻይ አብልቼዋለሁ» አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። ባለሙያው እጃቸውን ይዞ አመሰገናቸው። የሕፃኑ ትንፋሽ ደህና ስለነበር ስድስት ሰዓት ተቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ገባ፤ ማታ እናቱ ጭን ላይ ነበር። ትንፋሹ የተጨነቀ ቢሆን ኖሮ ሐኪሞቹ ሰዓት አይቆጥሩም ነበር፤ ሆዱ ሙሉ መሆኑን አውቀው፣ ተጠንቅቀው ወዲያው ይገቡ ነበር። በሁለቱም መንገድ ማወቃቸው ነው የሚጠቅመው።

ለአባባም ንገሯቸው

አንዳንድ ቤተሰብ ሽማግሌውን «ለጨጓራ ነው» ብሎ ያመጣቸዋል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉሮሯቸው ላይ መራራ ነገር ሲነፋ፣ ቱቦ በአፍንጫቸው ሲገባ፣ ምን እንደሚደረግባቸው የማያውቁ ሰው ይታገላሉ። የሚታገል ሰው ብዙ ማረጋጊያ ይፈልጋል፤ ለአረጋዊ ደግሞ መጠኑ ማነስ ነው ያለበት። አስቀድማችሁ «አባባ፣ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጉሮሮዎ ይደነዝዛል፣ ሳል ይመጣል፣ መናገር አይችሉም፤ ከጨነቀዎ እጅዎን ያንሱ» በሏቸው። ይህን የሰሙ ሰው ጸጥ ብለው ሲተባበሩ አይቻለሁ። ፊርማውም የእሳቸው ነው፤ ሳያውቁ የፈረሙት ፈቃድ አይባልም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል ደም ያቀጥናሉ፤ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ለምን እንደታዘዘ የሚያውቀው ያዘዘው ሐኪም ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው ሳይበሉ እንደ ወትሮው ቢወጉ ስኳራቸው ሊወድቅ ይችላልና የዕለቱን መጠን ጠይቁ። የግፊት ኪኒን ብዙ ጊዜ በጉንጭ ውሃ ይዋጣል፤ እሱንም ጠይቁ። በቅርብ የልብ ድካም የደረሰባቸው፣ አስም ያለባቸው፣ ሌሊት አንኮራፍተው መሐል ላይ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ፣ ከዚህ በፊት በማደንዘዣ የተቸገሩ ወይም በዘር እንዲህ ያለ ነገር ያለባቸው ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ጫት፣ አረቄ፣ ሲጋራ፣ የባህል መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ኪኒንም ይነገራል። አባት ይህን በልጆቹ ፊት ላይናገር ይችላል። እንግዲያው እናንተ ለአፍታ ወጣ በሉ፣ ከነርሷ ጋር ብቻቸውን ይነጋገሩ። ነርስ የምትጠይቀው ለመፍረድ አይደለም፤ ጫት ልብን ያስሮጣል፣ አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ የማረጋጊያውን ልክ ይለውጣሉ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውለቅ። የስድስት ዓመት ልጅ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለው የቱ እንደሆነ አሳዩ፤ ቱቦው ነክቶት ቢወድቅ ሌላ ባዕድ ነገር ይሆናል። የጥፍር ቀለም ይልቀቅ፤ እንሶስላ ከሆነ ንገሩ፣ መለኪያው ሌላ ቦታ ይደረጋል። ሕፃኑ ትኩሳት ወይም አዲስ ጉንፋን ካለውም ደብቃችሁ አታስገቡት።

ከነቁ በኋላ

በማረጋጊያ የተመረመሩ ሰው ሲነቁ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብለው ይጠይቃሉ። ሚዳዞላም ያስረሳል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚናገረውን አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮ ይስማ፣ በወረቀትም ይጻፍ፤ ታካሚው ቢያወሩም በማግስቱ አያስታውሱትም።

ጉሮሮ እስኪነቃ ድረስ፣ ማለትም ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። ዘመድ ቴርሞስ ይዞ ቢመጣም «ይጠብቅ» በሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ነርሷ በጉንጭ ውሃ ትፈትናለች፤ ሳያስል ከተዋጠ ምግቡ ይቀጥላል። እስከ 24 ሰዓት ድረስ መኪና አይነዳም፣ አልኮል አይጠጣም፣ ምድጃ ላይ ብቻውን አይቆምም። ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና የሚፈረምበትም ቀን አይደለም። በታክሲ ብቻቸውን አትላኳቸው፤ ያን ሌሊትም አንድ ሰው አብሯቸው ይደር።

የድምፅ መጎርነን፣ ቀላል የጉሮሮ ሕመም፣ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ትኩሳት፣ ናሙና ከተወሰደም በአክታ ላይ የደም ክር ያጋጥማል፤ ያልፋል። ሕፃኑ ሲነቃ ቢያለቅስና ቢነጫነጭ ማደንዘዣው እየለቀቀው ነው፤ እናቱ ትቀፈው። ነገር ግን ትንፋሽ ከከበደ፣ ደረት ላይ ድንገተኛ ውጋት ከመጣ፣ ሲያስሉ ደም በማንኪያ ልክ ከወጣ፣ ትኩሳቱ ከቀን በላይ ከቀጠለ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ለማንቃት ካስቸገሩ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ። ከመውጣታችሁ በፊት የሚደወልበትን ስልክ ተቀበሉ።

ለጠየቁኝ ለሁለቱ አንባቢዎቼ፦ አያትዬ፣ የሕፃኑን ቀጠሮ በፍርሃት አያስተላልፉት፤ ሳንባ ውስጥ የቀረ ጥሬ እየቆየ ያብጣል፣ ያመረቅዛል። ልጄ፣ አንተም ዛሬ ማታ ከአባትህ ጋር ቁጭ ብለህ ተነጋገር፤ መድኃኒታቸውንም አንድ ላይ አሰባስብ። ለሁሉም ምሕረቱን ያምጣላችሁ።